ሳሎን የሚሰቀል ፎቶ በአንድ ፍላሽ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ለሚያነሱ

ይህ መመሪያ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚነሳውን ጉርድ ፎቶ አይመለከትም። ለዚያ ጥላ የማይጥል ዝርግ ብርሃንና ነጭ ግድግዳ ይበቃል። እዚህ የማወራው ሰው አስቦበት፣ ለብሶና አጊጦ መጥቶ ስለሚነሳው፣ ከዚያም ፍሬም ገብቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ስለሚኖረው ፎቶ ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ገብታችሁ ቡናው እስኪፈላ ቀና ስትሉ የምታዩት እሱን ነው። እናት፣ በሕይወት የሌሉ አባት፣ ጋዋን ለብሳ የተመረቀች ልጅ። የገጠር እናቶች በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ፎቶ የሚነሱት አንዴ ወይም ሁለቴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእነሱ ላይ ከመማራችን በፊት በወንድምና በጓደኛ ላይ ደጋግመን እንለማመድ።

እኔ ደሴ ውስጥ የጀመርኩት ወርዷ 3፣ ርዝመቷ 5 ሜትር በሆነች የኪራይ ክፍል፣ በአንድ ፍላሽ ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት ጨምሬያለሁ። ልጆችን ሳስተምር ግን ዛሬም የማወጣው አንዱን ብቻ ነው። በሦስት መብራት የሚጀምር ሰው ፊት ላይ ያየው ጥላ ከየትኛው እንደመጣ ስለማይለይ ምኑን እንደሚያርም አያውቅም። በአንድ መብራት ስትሠሩ የጥላው ሁሉ ምንጭ አንድ ነው። ጥላው ካላማራችሁ የምታንቀሳቅሱት ያንኑ አንዱን ነው።

ምን ይዘን እንጀምር

ካሜራው አዲስ መሆን የለበትም። ቁጥሮቹን ሁሉ በእጅ የሚያስሞላ የ"ኤም" ምርጫ ካለው፣ አናቱ ላይም ፍላሹን ከሩቅ የሚያስነሳው ትሪገር የሚሰካበት ቦታ ካለው ይበቃል። ሌንስ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ከሆነ ያላችሁ፣ 55 ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ሴንሰሩ (ውስጡ ምስሉን የሚይዘው ክፍል) አነስ ያለ ካሜራ ከያዛችሁ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 በዋጋውም በሥራውም ለፊት የሚስማማ ሌንስ ነው። ሙሉ ፍሬም ለሆነ፣ ማለትም ሴንሰሩ ሰፊ ለሆነ ካሜራ 85 ሚሊ ሜትር ይመረጣል።

ምክንያቱን እወቁት። ፊትን የሚያበላሸው የምትቆሙበት ርቀት ነው፤ ሌንሱ የሚያደርገው ወደዚያ ርቀት መጎተት ብቻ ነው። በ18 ፊትን ለመሙላት ስትሉ ሰውየው አፍንጫ ሥር ትደርሳላችሁ። ከ50 ሳንቲ ሜትር ላይ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ቅርብ ስለሆነ አብጦ ይወጣል፣ ጆሮም ወደ ኋላ ይሸሻል። 2 ሜትር ላይ ስትቆሙ ግን የሁለቱ ርቀት እምብዛም ስለማይለያይ ፊት መልኩን እንደያዘ ይወጣል።

መብራቱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ፍላሽ ይሁን። ኤልኢዲ ጥላውን በዓይን እያሳየ ስለሚያሠራ ለጀማሪ ደስ ይላል፤ ርካሾቹ ግን ጉልበት የላቸውም። ብርሃኑ ሲያንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ይመጣል፣ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ መብራት ሲጠፋ ባለ 4 ድንጋዩ ፍላሽ ሥራውን ይቀጥላል። ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ሁለት ሙሉ ቅያሪ ይኑራችሁ። አንዱ ፍላሹ ውስጥ ሲሆን ሌላው ተሞልቶ ይጠብቅ።

ከዚህ ሌላ ፍላሹን ከሩቅ የሚያስነሳ ትሪገር፣ አንድ ስታንድ፣ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶፍትቦክስ (ፊቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት፣ የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን)፣ አንድ ነጭ ፎም ቦርድ፣ አንድ ጥቁር ጨርቅ፣ ግራጫ ባክግራውንድና መደገፊያ የሌለው ወንበር ያስፈልጋል። መደገፊያ ያለው ወንበር ሰውን ወደ ኋላ ያንጋልለዋል፣ ትከሻውም ይወድቃል። ነጭ ጃንጥላ ከሶፍትቦክስ ይረክሳል፤ በጠባብ ክፍል ግን ብርሃኑን ወደ ግድግዳው ሁሉ ይረጨዋል። ሶፍትቦክስ ካልተገኘ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም አሠርታችሁ ስስ ነጭ አንሶላ ወጥሩበትና ፍላሹን ከኋላው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ትከሉ። መልኩ አያምርም፤ ብርሃኑ ግን ያምራል።

የስታንዱ እግር ላይ ውሃ የሞላ የዘይት ጀሪካን እሰሩ። ሶፍትቦክስ የተሸከመ ስታንድ ቀሚስ ቢነካው እንኳ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ደንበኛው ላይ ነው።

ክፍሉ

መጀመሪያ የግድግዳውን ቀለም እዩ። ብዙ የኪራይ ቤት ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ብርሃን ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ በጥላው ወገን ያለው ጉንጭ አረንጓዴ ይሆንባችኋል፣ በኋላ በኮምፒውተር ለማስተካከልም አስቸጋሪ ነው። ግድግዳውን ነጭ፣ የተሻለ ደግሞ ግራጫ ቀቡት። አከራይ ካልፈቀደ አንሶላ ወይም ጥቁር ጨርቅ ጋርዱበት።

መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ዝጉት። አንዲት ደካማ አምፖል ግን በርታ ትቆይ። እሷ ፎቶው ላይ አትታይም፤ ካሜራው ፎከስ እንዲያገኝ ትረዳለች፣ ሰውየውም ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የዓይኑ ብሌን ከመጠን በላይ እንዳይሰፋ ታደርጋለች።

5 ሜትሩን እንዲህ አካፍሉት፦ ከባክግራውንዱ እስከ ወንበሩ 1.5 ሜትር፣ ከወንበሩ እስከ ካሜራው 2 ሜትር፣ የቀረው ለእናንተ መቆሚያ። ወንበሩን ወደ ባክግራውንዱ አታስጠጉ። ከተጠጋ የሰውየው ጥላ ጨርቁ ላይ ያርፋል፣ የጨርቁ እጥፋትም አንድ በአንድ ይታያል። የወንበሩንና የስታንዱን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት።

የካሜራው ቁጥሮች

"ኤም" ላይ አድርጉና እነዚህን ሙሉ፦ አይኤስኦ 100፣ ሹተር (ሴንሰሩ ለብርሃን ክፍት የሚሆንበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8። ነጭ ሚዛኑን (የፎቶውን ቀለም የሚያስተካክለውን) የፍላሽ ምልክት ላይ ወይም 5500 ኬልቪን ላይ አድርጉት፤ አውቶማቲክ ላይ አትተዉት። አውቶማቲክ ከሆነ ደንበኛዋ ቀይ ሻርፕ በደረበች ቁጥር የፊቷ ቀለም ይለዋወጥባችኋል። ፎቶው በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይጨምቀው በያዘው ጥሬ ፋይል ይቀመጥ።

አሁን ፍላሹን አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ አንሱ። ስክሪኑ ጥቁር መሆን አለበት። ምንም የሚታይ ነገር ካለ ከመስኮት ወይም ከአምፖል የሚገባ ብርሃን አለና ፈልጋችሁ ዝጉት። ይህን ሙከራ የሚዘል ጀማሪ ብዙ ነው፤ በኋላ ግን አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ የሚሆንበትን ምክንያት ሲፈልግ ይውላል። ጥቁር ከሆነላችሁ ከዚህ በኋላ ፎቶው ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ እናንተ የሠራችሁት ነው።

ፍላሹንም በእጅ ሙሉት። ቲቲኤል የሚባለውን አውቶማቲክ አጥፉና 1/4 ጉልበት ላይ ጀምሩ። ፎቶው ከጨለመ 1/2፣ ከነጣ 1/8።

ሹተሩን ለምን 1/125 እንዳልኩ ላስረዳ፤ እኔን ዋጋ አስከፍሎኛልና። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤተሰብ በሙሉ አንስቼ ስክሪኑን በደንብ ሳላይ ሸኘኋቸው። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የሁሉም ፎቶ ታችኛው ሲሶ ጥቁር ነበር፤ ሹተሩ ሳላውቀው 1/500 ላይ ሄዶ ኖሯል። ካሜራው ውስጥ ሁለት መጋረጃ አለ። አንዱ ሴንሰሩን ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። ሹተሩ በጣም ሲፈጥን አንደኛው ከፍቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው መዝጋት ይጀምራል፤ ፍላሹ ብልጭ በሚልባት ቅጽበት የሴንሰሩ ከፊል ተሸፍኗል ማለት ነው። ብዙ ካሜራዎች የሚፈቅዱት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ነው። 1/125 ከዚያ በታች ስለሆነ ያለ ስጋት ይሠራል። ቤተሰቡ ተመልሰው ሊነሱ ፈቀዱልኝ፤ አያትየው ግን ወደ አገራቸው ሄደው ስለነበር በዚያኛው ፎቶ የሉም።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሹተር የፍላሹን ብርሃን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ፍላሹ ሹተሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ብልጭ ብሎ ይጨርሳል። ብርሃኑን የምታስተካክሉት በፍላሹ ጉልበት፣ በርቀቱ፣ በአፐርቸሩና በአይኤስኦው ነው።

መብራቱን መትከል

ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት ሰው ፊት ላይ ጥላ ፈልጉ፤ አታገኙም። ሰማዩ በሙሉ መብራት ሆኗል፣ ብርሃኑም ከየአቅጣጫው ይመጣል። በዚያው ሰሞን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ፣ ወይም አልፋችሁ ባቲ ገበያ ቀትር ላይ ፀሐይ ካገኛችሁ፣ የባርኔጣው ጥላ አፍንጫ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ትልቅ ናት፤ ግን ከመራቋ የተነሳ ለፊታችን እንደ ትንሽ ነጥብ ናት። ጭጋግ ደግሞ ያችኑ ፀሐይ ሰማይ የሚያህል መብራት ያደርጋታል።

የሶፍትቦክስ ሥራ ይኸው ነው፤ ክፍላችሁ ውስጥ ትንሽ ጭጋግ መሥራት። መብራቱ ከፊቱ አንጻር ሲሰፋ ጥላው ይለሰልሳል። የሚያሰፋው ደግሞ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ቅርበቱም ነው። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶፍትቦክስ ከፊት 1 ሜትር ላይ ለስላሳ ነው፤ 3 ሜትር ካራቃችሁት ትንሽ መብራት ሆኖ ጥላው ይከርራል። ብርሃኑን ለማለስለስ ማራቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የሚለሰልሰው በማቅረብ ነው።

ለመጀመሪያው ፎቶ ሶፍትቦክሱ ከሰውየው ፊት ለፊት 45 ዲግሪ ወደ ጎን፣ መሃሉ ከዓይን ከፍታ በላይ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ፊቱ ዘንበል ያለ፣ ርቀቱ 1 ሜትር ይሁን። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነባችሁ ወንበሩን አሳጥሩ።

ከዚህ በኋላ የአፍንጫን ጥላ ተከተሉ። ፍላሹ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ጥላውን በዓይን ማየት ያስቸግራል። እኔ የማደርገው የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሶፍትቦክሱ መሃል ላይ መያዝ ነው። አንድ ሰው ይዞላችሁ እናንተ ከካሜራው በኩል እዩ።

የአፍንጫው ጥላ ወደ አፍ ጥግ አቅጣጫ አጠር ብሎ ወርዶ ጉንጭ ላይ ካለው ጥላ ጋር ሳይገናኝ ከቀረ፣ ለአብዛኛው ፊት የሚሆነውን አገኛችሁ። መጀመሪያ እዚህ ላይ ጽኑ። መብራቱን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉት የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኝና በጨለማው ወገን፣ ከዓይን ሥር፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ይቀራል። ይህ አበራር በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት (1606–1669) ስም ይጠራል፤ ሥዕሎቹ ላይ ስለሚታይ ነው። ለሼሆች፣ ለቄሶች፣ ጥምጥም ለጠመጠሙ ሽማግሌዎች ክብደት ይሰጣል። መብራቱን ፊት ለፊት አምጥታችሁ ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ጥላው ከአፍንጫ ሥር ትንሽ ቢራቢሮ ይሠራል፤ የጉንጯ አጥንት ጎላ ላለ ወጣት ሴት ያምራል፣ ዓይኑ ጎድጎድ ላለ ሰው ግን ቅንድብ ሥር ሁለት ጨለማ ጉድጓድ ያወጣል።

ዓይን ውስጥ ነጭ ነጥብ እዩ። በግድግዳ ሰዓት ቢሆን 10 ወይም 2 ቁጥር ባለበት አካባቢ የሶፍትቦክሱ ምስል መታየት አለበት። ከሌለ ዓይኑ የሞተ ይመስላል፤ መብራቱ ከፍ ብሏል ማለት ነውና ዝቅ አድርጉት።

ጥላው ከጠቆረባችሁ ነጩን ፎም ቦርድ በጥላው ወገን ግማሽ ሜትር ላይ አቁሙ። ሲቀርብ ይፈካል፣ ሲርቅ ይጠቁራል። ለሽማግሌ ፊት አንዳንዴ በነጩ ፈንታ ጥቁር ጨርቅ አቆማለሁ፤ ጥላው ጠለቅ ይላል።

ነጠላውና ፊቱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ፎቶ ሲበላሽ የማየው እዚህ ነው።

ከወረኢሉ ወይም ከተንታ የመጡ እናት በዓይነ ሕሊናችሁ አስቀምጡ። አዲስ የታጠበ ነጭ ነጠላ ከነጥበቡ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጠይም ፊት። ካሜራውን በአውቶማቲክ ብትተዉት ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊታቸው ጥቁር ይሆናል። ያን የሚያይ ጀማሪ ደንግጦ ብርሃኑን ይጨምራል፤ ፊታቸው ይነጣል፣ ነጠላው ደግሞ ክሩም ጥበቡም ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

መፍትሔው ያለው ከመብራቱ ቦታ ነው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሶፍትቦክሱን ከፍ አድርጋችሁ ከፊታቸው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታቀርቡትና ደረታቸው ላይ ያለው ነጠላ ከመብራቱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ነጠላው የሚያገኘው ብርሃን ፊታቸው ከሚያገኘው ከግማሽ በታች ነው። ፊት በርቶ፣ ነጠላው ክሩን እንደያዘ ይቀራል። መብራቱ ሲቀርብ ፍላሹን ወደ 1/8 መቀነስ አትርሱ። በተጨማሪ ሶፍትቦክሱን ቀጥታ ወደ ፊታቸው ሳይሆን ትንሽ ወደ ካሜራው ወገን አዙሩት፤ ከመሃሉ ይልቅ ጠርዙ ይንካቸው። በመብራቱ በኩል ያለው ትከሻ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይቀንሳል።

ነጠላው መቃጠል አለመቃጠሉን በዓይናችሁ አትፍረዱ። ካሜራው የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይበት ምርጫ አለ፤ ክፈቱት። ጥለቱ ላይ ብልጭ ካለ የፍላሹን ጉልበት አንድ ደረጃ አውርዱ።

ፊትን በተመለከተ፣ ጠይም ፊት የሚያምረው በላዩ ላይ በምትንሸራተተው ብርሃን ነው። ጉንጭ ላይ፣ ግንባር ላይ፣ አፍንጫ ድልድይ ላይ የሚያርፈው ለስላሳ ፍካት ፊቱን ይቀርጸዋል። ትልቅና ቅርብ መብራት ያንን ፍካት ሰፊና ልስልስ ያደርገዋል፤ ትንሽና ሩቅ መብራት እንደ ላብ ነጥብ ያደርገዋል። ቅቤ ወይም ቫዝሊን ከበዛ ሶፍት ስጡና ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ግን ሁሉም እስኪደርቅ አታስጠርጉ።

ፊት አታንጡ። ደንበኛ ይወደዋል ተብሎ በብርሃንም በኮምፒውተርም ፊትን ማፍካት ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልቀበለውም። ሳሎን የተሰቀለችው እናት የልጅ ልጆቿ የሚያውቋትን መልክ መያዝ አለባት። አለካኩ ቀላል ነው፤ እጃቸውን ከስክሪኑ አጠገብ እንዲያደርጉ ለምኗቸውና ፎቶው ላይ ያለውን ጉንጭ ከእጃቸው ጀርባ ጋር አስተያዩ። ሂጃብ ለለበሰችም፣ ነጠላ ለተከናነበችም፣ ያልሸፈነችም ሕጉ አንድ ነው።

በዚያው ቀን ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ጥቁር ጋዋን ለብሶ ከተነሳ ነገሩ ይገለበጣል። ጥቁር ብርሃን ይጠጣል፤ መብራቱን እንደ እናቱ ካቀረባችሁት ጋዋኑ ከባክግራውንዱ ጋር ተቀላቅሎ ጭንቅላት ብቻ ተንሳፍፎ ይቀራል። መብራቱን ወደ 1.5 ሜትር አርቁ፣ ጉልበቱን ጨምሩ። ፊትና ደረት የሚያገኙት ብርሃን ይቀራረባል፣ የጋዋኑ እጥፋት ይወጣል። ወንበሩን ወደ ባክግራውንዱ ትንሽ ብታቀርቡትም ግራጫው ስለሚፈካ ትከሻው ተለይቶ ይታያል።

በነገራችን ላይ አንድ ግራጫ ጨርቅ ሦስት ባክግራውንድ ይሆናል። ፊት ከመብራቱ 1 ሜትር፣ ጨርቁ 2.5 ሜትር ከራቀ፣ ጨርቁ የሚያገኘው ብርሃን ፊት ከሚያገኘው አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው፤ ጥቁር ሊሆን ምንም አይቀረው። ወንበሩን ስታስጠጉ ይፈካል። በየቀለሙ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ሰውን ማስቀመጥ

መብራቱ ሁሉ ተስተካክሎ ሳያልቅ ደንበኛውን አታስቀምጡ። እናንተ ከሽቦ ጋር ስትታገሉ እሳቸው እዚያ ተቀምጠው ከጠበቁ ፊታቸው ይደክማል። ቀድማችሁ ጓደኛ አስቀምጣችሁ ጨርሱ።

ሲገቡ አስቀምጡና አጫውቱ። ከየት አገር እንደመጡ ጠይቁ። አምባሰል ይሁን ሳይንት፣ ስለ አገራቸው ሲያወሩ የፊታቸው ጅማት ይላላል። ቡና ካለ ጀባ በሉ። ትልቅ መስታወት ግድግዳው ላይ ይኑር፤ ነጠላቸውን፣ ሻሻቸውን፣ ሂጃባቸውን ራሳቸው ያስተካክሉ። እናንተ እጃችሁን አትስደዱ። "እማማ፣ ነጠላው በግራ በኩል ትንሽ ወረደ፣ ከፍ ያድርጉት" ማለት በቂ ነው። መንካት የግድ ከሆነ አስፈቅዱ፤ ለሴት ደግሞ አብራት የመጣች ሴት ብታስተካክልላት ይሻላል።

ወንበሩ ላይ ሰውነታቸው ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ፣ ፊታቸው ወደ መብራቱ መለስ ይበል። አገጭ ትንሽ ወደፊት፣ ከዚያ ትንሽ ወደታች። እጅ ጉልበት ላይ ይረፍ፤ መስቀል ወይም መቁጠሪያ የያዘ እጅ እንዳለ ይተው። ሂጃብ ወይም ሻሽ ግንባር ላይ ወጣ ብሎ ጥላ ከጣለ መብራቱን አውርዱ እንጂ ጨርቁን አታስገፉ። መነጽር ላይ ሶፍትቦክሱ ከታየ መብራቱን ከፍ አድርጉ፣ ወይም የመነጽሩን እጀታ ከጆሮ ላይ በጣም ትንሽ አንሱት፤ መስታወቱ ወደታች ዘንበል ሲል ነጸብራቁ ይጠፋል።

ሽማግሌዎች ካሜራ ፊት ኮስተር ይላሉ። "ይሳቁ፣ ይሳቁ" እያላችሁ አትነዝንዟቸው። ለእነሱ ፎቶ መነሳት ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ኮስተር ማለታቸው ክብር ነው፣ ቤተሰቡም የሚያውቃቸው በዚያ መልክ ነው። የሚያስቸግረው ፍርሃቱ ነው። "አብሽሩ አባባ፣ ይቺ ለሙከራ ናት" ብላችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አንሱ። ብልጭታውን ሲለምዱት ትከሻቸው ይወርዳል፤ ጥሩዎቹ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ማንሳት

ፎከሱን በአንድ ነጥብ አድርጉና ለካሜራው ቀረብ ባለው ዓይን ላይ አሳርፉ። ፊት ብቻ ከሆነ ካሜራው በዓይን ከፍታ ይሁን፤ እስከ ወገብ ከሆነ ወደ አገጭ ወይም ደረት ዝቅ ይበል። ከላይ ወደታች አታንሱ፤ ትልቅ ሰው ልጅ ይመስላል።

ከእያንዳንዱ ጥቂት ፎቶ በኋላ ስክሪኑን አጉሉና በቅደም ተከተል እዩ። መጀመሪያ ዓይኑ ጥርት ብሏል ወይ፣ ቀጥሎ ነጥቡ አለ ወይ፣ የአፍንጫው ጥላ የት ወደቀ፣ ነጠላው ተረፈ ወይ፣ ከጭንቅላት ጀርባ የጨርቁ ጠርዝ ገብቷል ወይ። ፎቶው ታችኛው ክፍል ላይ ጥቁር መስመር ካያችሁ ሹተሩን ተመልከቱ። ፍላሹ እስኪሞላ ጠብቁ። ተሞልቶ ሳያልቅ ካነሳችሁ ፎቶው ይጨልማል፣ እናንተም በከንቱ ቁጥር መቀያየር ትጀምራላችሁ።

ሠላሳ ፎቶ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድካም ነው። ከመነሳታቸው በፊት ግን መብራቱን ወደ ሌላኛው ጎን አዙራችሁ አምስት ጨምሩ። የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ የትኛው ወገን እንደሚያምር አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።

ካርዱን ከመደምሰሳችሁ በፊት ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ኮምፒውተር፣ አንዱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። በደብተርም ጻፉ፦ መብራቱ ስንት ሜትር፣ ምን ያህል ከፍታ፣ ጉልበቱ ስንት፣ የለበሱት ምን። በሚቀጥለው ሳምንት ነጠላ የለበሰች እናት ስትመጣ ከደብተሩ ትጀምራላችሁ።

ለሕትመት ስትልኩ የኮምፒውተሩን ስክሪን ብርሃን አስቀድማችሁ ቀንሱ። በጣም በፈካ ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶ ወረቀት ላይ ጨልሞ ይወጣል። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት በትንሽ ወረቀት አንድ አውጡና ወደ ቤት ውስጥ ይዛችሁ ግቡ፤ በር ላይ ሳይሆን ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ማታ በሚበራው አምፖል ሥር እዩት። ፊታቸው እዚያ ከጨለመ ትንሽ አፍኩና እንደገና አውጡ። እዚያ ካማረ ትልቁን አሳትሙ።